የንግድ ምሥጢር በውል ስለሚጠበቅበት መንገድ

የአንድ ንግድ ቤት ሀብት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በመጋዘን ያለው ዕቃ፥ በባንክ የተቀመጠው ገንዘብና በደጅ የቆመው መኪና ነው። ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ዋጋ ሳይወጣለት የሚኖር፥ በጠፋ ጊዜ ግን ከዕቃ መጥፋት ይልቅ የሚጎዳ ሌላ ሀብት አለ፤ እርሱም የንግድ ምሥጢር ነው። የተሰረቀ ዕቃ ተፈልጎ ሊገኝ ይችላል። ምሥጢር ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና አንድ ጊዜ ከወጣ የሚመልሰው የለም።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት፥ በአዲስ አበባ ግቢና የአትክልት ቦታ በማስዋብ የሚተዳደር አንድ ድርጅት አለ እንበል። የከተማው ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥር ያበሰብሳል፤ በበጋ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። የድርጅቱ ባለቤት ብዙ ሣርና ብዙ ችግኝ ከሞተበት በኋላ፥ ምን ያህል አሸዋና ምን ያህል የበሰበሰ ፍግ ከዋልካው ጋር እንደሚደባለቅ፥ የውሃ መውረጃውም ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቆፈር በሙከራ ደረሰበት። ከዚህም ሌላ ችግኝ በቅናሽ የሚሸጡለትን ሰዎች ዝርዝር፥ የደንበኞቹ ውል የሚታደስበትን ቀን፥ ለጨረታ ዋጋ የሚያወጣበትን ስሌት በአንድ ደብተር ጽፎ ያኖራል። ይህን ሁሉ ከባለቤቱ ጋር የሚያውቀው ካቦው ነው። ካቦው አንድ ቀን ሥራውን ለቆ የራሱን ድርጅት ቢያቋቁምና በዚያው ስሌት ዋጋውን ጥቂት ዝቅ አድርጎ ጨረታውን ቢወስድ፥ ባለቤቱ ምን ማስረጃ ይዞ ዳኛ ፊት ይቆማል? በመካከላቸው የነበረው መተማመን ብቻ ከሆነ የሚያሳየው ወረቀት የለውም።

እንግዲህ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ምሥጢር የሚባለው ምን እንደሆነ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት በአንቀጽ 39 ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፥ ነገሩ በሙያው ባሉ ሰዎች ዘንድ በሰፊው ያልታወቀ መሆን አለበት። ሁለተኛ፥ ምሥጢር በመሆኑ የንግድ ዋጋ ያለው መሆን አለበት። ሦስተኛ፥ ባለቤቱ ምሥጢሩን ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ ያደረገ መሆን አለበት። በዚህ ሚዛን ሲታይ፥ ከአጥር ውጭ ያለ መንገደኛ ሁሉ የሚያየው የአበባ አደራደር ምሥጢር አይደለም፤ የአፈሩ መጠን፥ የዋጋው ስሌትና የደንበኞች ደብተር ግን ምሥጢር ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተሩ በጠረጴዛ ላይ ተገልጦ የሚውል ከሆነ ደግሞ ሦስተኛው ነገር ስለሚጎድል ባለቤቱ ራሱ ምሥጢሩን እንዳፈረሰ ይቆጠራል።

ምሥጢር ከፓተንትም የተለየ ነው። ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ፈጠራውን ገልጦ ይጽፋል፤ በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 የጥበቃውን ዘመን በመጀመሪያ 15 ዓመት አድርጎታል። ምሥጢር ግን እስከ ተጠበቀ ድረስ ዘመን አይቆጠርለትም፤ በወጣበት ቀን ግን ያልቃል። ስለዚህ ጥንቃቄው ሁሉ መደረግ ያለበት ከመውጣቱ በፊት ነው።

ከጥንቃቄዎቹ ሁሉ ዋናው የምሥጢር መጠበቂያ ውል ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፥ ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ያዛል። የምስክሮቹ ፊርማ የጎደለበት ወረቀት በችግር ቀን ባለቤቱን ያሳፍረዋል።

በውሉ ውስጥ ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። በመጀመሪያ ምሥጢሩ በዓይነቱ ይነገር፤ «የድርጅቱ ጉዳይ ሁሉ» ከማለት ይልቅ «የአፈር ድብልቅ መጠን፥ የጨረታ ዋጋ ስሌት፥ የደንበኞች ዝርዝር» ተብሎ ይጻፍ። መጠኑ ራሱ ግን በውሉ ላይ አይጻፍ፤ ውሉን የሚያነብ ሁሉ ምሥጢሩን እንዳያውቀው። ቀጥሎ ሠራተኛው ነገሩን ለምን ሥራ ብቻ እንደሚጠቀምበት፥ ግዴታውም ሥራውን ከለቀቀ በኋላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ ይወሰን። ሥራ በሚለቅበት ቀን ደብተሩን፥ ቅጂውንና በስልኩ ያለውን ሁሉ አስረክቦ የርክክብ ወረቀት እንዲፈርም ይደረግ። በመጨረሻም ግዴታው ቢፈርስ የሚከፈለው ገንዘብ አስቀድሞ ይቆረጥ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1889 ተዋዋዮች የጉዳት ካሣውን ልክ አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ የተቆረጠ ገንዘብ የጉዳቱን ልክ ከማስረዳት ችግር ያድናል፤ በምሥጢር ጉዳይ ደግሞ ከባዱ ነገር ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜው ሊጠበቅ ይገባል። ውሉ የሚፈረመው ሠራተኛው በሚቀጠርበት ወይም ምሥጢሩ ሊነገረው በታሰበበት ቀን ነው። ካቦው ሁሉን ካወቀና ለመልቀቅ ካሰበ በኋላ ወረቀት ማቅረብ፥ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚያሰኝ ነው።

ይሁን እንጂ ውሉ ለሠራተኛውም ፍትሕ ያለበት መሆን አለበት። ካቦው በቀን ሠራተኛነት ገብቶ መትከልን፥ መግረዝን፥ ሣር ማንጠፍን በእጁ ተምሯል። ይህ የእጁ ሙያና የልጆቹ እንጀራ ስለሆነ የአሠሪው ምሥጢር ሊባል አይችልም። «የተማረውን ሁሉ በሌላ ቦታ አይሠራበትም» የሚል ውል ምሥጢር ከመጠበቅ አልፎ ሰውን ከሥራ የሚከለክል ይሆናል፤ ዳኛም በቀላሉ አይቀበለውም፥ ጥሩ ሠራተኛም አይፈርመውም። ደግሞም ወንጀልን ወይም ያልተከፈለ ግብርን ለመሸፈን የሚደረግ የምሥጢር ውል የሚጸና አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 1716 ከሕግ ወይም ከመልካም ጠባይ ጋር የሚቃረን ውል ፈራሽ መሆኑን ይናገራል።

ውል የሚያስረው የፈረሙትን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ካቦው ደብተሩን ለሌላ ተወዳዳሪ ቢሸጠው፥ ገዢው ውሉን ስላልፈረመ በውሉ አይጠየቅም። ለዚህ የሚረዳው ሕጉ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፥ የሌላውን ነጋዴ ምሥጢራዊ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ከመልካም የንግድ ልማድ ውጭ መያዝን፥ መግለጥንና መጠቀምን ተገቢ ካልሆነ የንግድ ውድድር ቆጥሮታል።

በጽሕፈት ቤት ውስጥም ሥራው እንዲሁ በየቀኑ ነው። የምሥጢር ወረቀት በራሱ ላይ «ምሥጢር» የሚል ምልክት ይደረግበት፤ በተቈለፈ ሣጥን ይቀመጥ፤ ማን በየትኛው ቀን እንዳየው በመዝገብ ይጻፍ። ቅጂው ቁጥር ይኑረው። ጨረታ የሚያሰላው ሰው የአፈሩን መጠን፥ አፈሩን የሚደባልቀውም የጨረታውን ስሌት ማወቅ አያስፈልገውም።

ይህ ለአትክልት ድርጅት ብቻ የተነገረ አይደለም። ቡና ላኪው በውጭ አገር ያሉት ገዢዎቹ ዝርዝር፥ አስመጪው ከፋብሪካው ያገኘው የቅናሽ ዋጋ፥ ባለ ሱቁ በዱቤ የሚያምናቸው ደንበኞች መዝገብ ሁሉ የዚሁ ዓይነት ሀብት ነው። እያንዳንዱ ነጋዴ አንድ ቀን ተቀምጦ «ነገ ተወዳዳሪዬ ቢያውቀው የምጎዳበት ነገር ምንድን ነው? ማንስ ያውቀዋል? ከእርሱስ ጋር ምን ተፈራርመናል?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። መልሱ ከአንድ ገጽ የሚበልጥ ውል ላያስፈልገው ይችላል። ያችን አንድ ገጽ በደኅናው ቀን የጻፈ፥ ካቦውን በሰላም ሲያሰናብት እጁን ጨብጦ «መልካም ዕድል» ለማለት አይፈራም።