ከካርት ወደ ፎርሙላ 4

እኛ መምህራን ትምህርት ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ይሂድ እንላለን። የመኪና እሽቅድምድምም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። ልጆች የሚጀምሩት ሞላ በሌላት ትንሽ ተሽከርካሪ፣ በካርት ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ኃይለኛ መኪና መዝለል አስቸጋሪ በመሆኑ፣ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ፎርሙላ 4ን እ.ኤ.አ. በ2014 አስጀመረ። ወጣቱ፣ በአብዛኛው ከ15 ዓመቱ ጀምሮ፣ በዚህች ባለአንድ መቀመጫ መኪና የማርሽ አቀያየርንና የክንፍን ጥቅም ይማራል፤ ይኸውም በክንፎቿ ላይ የሚያልፈው አየር መኪናዋን ወደ መሬት ስለሚጫናት፣ በመታጠፊያ ላይ ጎማዋ መንገዱን አጥብቆ ይይዛል። በአንድ አገር ውድድር ሁሉም አንድ ዓይነት መኪና ስለሚነዱ ችሎታ ጎልቶ ይታያል። በ2015 በብሪታንያ ያሸነፈው ላንዶ ኖሪስ በ2025 የፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። ይሁን እንጂ ወጪው ከባድ ስለሆነ ችሎታ ያላቸው ብዙዎች ከደጃፉ ይመለሳሉ። መሰላል መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ የመጀመሪያውን እርከን ሁሉም ሊደርስበት ይገባል።