ከደጀን እስከ አባይ ድልድይ፦ ፍሬን ለምን እምቢ ይላል?

የምርት መሰብሰቢያ ወቅት ሲደርስ ከጎጃም ወደ መሐል አገር እህል የሚያጓጉዙ የጭነት መኪናዎች ይበረክታሉ። መኪናዎቹ ከደጀን ተነስተው አባይ ድልድይ እስኪደርሱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። በዚህ መንገድ አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚሰማው ምክንያት «ፍሬን እምቢ አለ» የሚል ነው። አባባሉ ጥፋቱን ከሰው ላይ አንስቶ በብረት ላይ ይጥለዋል።

ከነጭነቱ 100 ኩንታል የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚያገኘው ጉልበት በሙሉ በፍሬን ብቻ ቢገታ፣ የሚፈጠረው ሙቀት አንድ በርሜል ተኩል ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት የሚያርፈው በፍሬኑ ላይ ነው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ የፍሬን ዘይቱም ከፈላ ፔዳሉ ቢረገጥ መኪናው አይቆምም።

ሙቀቱን ሊጋራ የሚችለው ሞተሩ ነው። ልምድ ያላቸው አሽከርካሪዎች ዳገቱን በሚወጡበት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን የሚወርዱት ለዚህ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ግን ይህን አጋዥ በገዛ እጁ ያሰናብታል። ፍጥነት ሲታከልበት ችግሩ ይከፋል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በ40 ከሚጓዘው ይልቅ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም አራት እጥፍ ርቀት ይፈልጋል።

ሕዝቡ አይሱዙ የጭነት መኪናን «አልቃይዳ» ማለቱ ይታወቃል። ስሙ መኪናውን ይበድላል፤ ከልኩ በላይ የሚጭነውና በሌሊት ሳያርፍ የሚያስሮጠው ሰው ነውና።

የእህሉ ባለቤትም ከጉዳዩ ውጭ አይደለም። የመሳፈሪያ ሂሳብ ላለመክፈል በጆንያ ላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ገበሬ መኪናው ሲገለበጥ የሚይዘው ነገር የለውም። ሕጉ ሰውን በጭነት ላይ መጫን የሚከለክለው አሽከርካሪን ለማስቀጣት ብቻ አይደለም። «አስር ኩንታል ጨምርልኝ» የሚለው ልመናም ቁልቁለቱ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

በጉዞ ላይ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከተሰማ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከገባ፣ መኪናውን ወዲያውኑ ደልዳላ ቦታ ማቆምና ጎማዎቹን በድንጋይ ማስደገፍ ያስፈልጋል። የጋለውን ብረት ውሃ መድፋት ሊሰነጥቀው ስለሚችል፣ በራሱ ጊዜ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ግድ ነው።