ቡችላ በሀዋሳ ግቢና በገጠሩ ደጅ

በሀዋሳና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ቡችላ ብዙውን ጊዜ አይገዛም፤ ከጎረቤት ወይም ከዘመድ ተጠይቆ ይወሰዳል። ውሻ የምታረግዘው ለ63 ቀን ያህል ነው። ቡችሎቿ ሲወለዱ አያዩም፣ አይሰሙም፤ ዓይናቸው የሚገለጠው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠያቂው ቤተሰብ ዘወትር ወንዱን ይመርጣል፤ ሴቷ ትወልዳለች፣ ወንዶችን ደጅ ላይ ትሰበስባለች ተብሎ ትታለፋለች። ፈላጊ ያጡት ሴቶች ቡችሎች መንገድ ዳር ይጣላሉ። ጭካኔ ነው፤ ለከተማውም አይበጅም። ከተጣሉት መካከል የተረፉት አድገው የሚወልዱት እዚያው መንገድ ላይ ነውና።

ቡችላ ከእናቱ የሚለየው ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ቢሆን ይመረጣል። ከወንድምና እህቶቹ ጋር ሲታገል ጠንክሮ ከነከሰ ይጮኹበታል፣ ጨዋታውም ይቋረጣል፤ ጥርሱን መቆጣጠር የሚለምደው እንዲህ ነው። በወሩ የተወሰደ ቡችላ ይህን ሳያውቅ ያድጋል፤ በኋላ የልጆችን እጅ ቢያቆስል ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

አዲሱ ቤት ሲደርስ ስም ይወጣለታል፤ መቻል፣ ቡቺ፣ ቦቢ የተለመዱ ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ያለቅሳል። ውሻን ቤት ውስጥ ማሳደር በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ስለማይወደድ ማደሪያው በረንዳው ወይም ማድ ቤቱ ጥግ ነው። ጆንያና አሮጌ ጨርቅ ከተነጠፈለት፣ ዝናብና ነፋስም ካልደረሰበት ይበቃዋል። የሚበላው ቤተሰቡ የሚበላውን ነው፤ በከተማው እንጀራ ፍርፋሪ፣ በገጠሩ ቆጮና የተረፈ ወጥ። ለሚያድግ ቡችላ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም አሳ ያስፈልገዋል። አሳ በሀዋሳ ሐይቅ ዳር ባለው በአሞራ ገደል በኩል አይጠፋም፤ አጥንቱ ጉሮሮ ላይ እንዳይሰነቀር ተቀቅሎና ተለቅሞ ይሰጠው።

ገጠሩ ቡችላን በማሳደግ ከከተማው ይሻላል። በሲዳማ መንደር ቤቱ በእንሰትና በቡና ተከብቦ ስለሚቆም ቡችላው ከልጆች፣ ከዶሮ፣ ከፍየልና ከጥጃ ጋር እየዋለ ያድጋል፤ እንግዳና መንገደኛም ይለምዳል። ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ያለው ጊዜ ውሻ የማይፈራውን ነገር የሚለይበት ነው፤ ያኔ ያላየውን ሲያድግ ይፈራዋል፣ የፈራውንም ይነክሳል። አድጎ እንሰት ከሚያጠፋው ጃርት፣ ሰብል ላይ ከሚወርዱት ዝንጀሮዎችና በሌሊት ከብት ከሚፈልገው ጅብ ጋር ይጋፈጣል።

በሀዋሳ ግን ብዙው ቡችላ ገና በጨቅላነቱ ቀኑን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ የሚፈታው ሲመሽ ነው። ባለቤቱ የሚያስረው ኃይለኛ እንዲሆንለት ነው። ታስሮ ያደገ ውሻ ግን ጠባቂ አይሆንም፤ ሌባንና የጎረቤትን ልጅ መለየት የማይችል ፈሪ ይሆናል። በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ የሚጻፈው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ስለዚህ ፍርሃት ነው።

ቡችላ ብዙውን ጊዜ ወስፋት ይዞት ይወለዳል፤ ከእናቱ ማህፀንና ከወተቷ ይተላለፍበታል። ሆዱ ብቻ ተነፍቶ ጎድኑ የሚታይ ቡችላ መድኃኒት ይፈልጋል። በበዓል እርድ ጊዜ ጥሬ ሳንባ፣ ጉበትና የበግ ጭንቅላት ለውሻ መወርወር የተለመደ ቢሆንም አደገኛ ነው። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ የቋጠረ እጭ በውሻው ሆድ ኮሶ ይሆናል፤ የኮሶው እንቁላል በሣር በኩል ወደ በግ ሲመለስ ገበሬው አዙሪት የሚለውን በሽታ ያመጣል። ከሳንባና ከጉበት የሚገኘው ሌላው የኮሶ ዓይነት ሰውንም ይይዛል።

ከሁሉም የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል፤ በሰው ላይም ከሚደርሰው ከመቶ 99 ያህሉ ከውሻ የሚመጣ ነው። መከላከያው ግን ቀላል ነው። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ በዓመቱ ይደገምለታል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ በሽታው መዛመቱ ይቆማል። ክትባቱ የሚያተርፈው ሰውን ብቻም አይደለም፤ ከገጠር ውሾች የተላለፈው ይኸው በሽታ በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2003 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ያጥባል፤ ከዚያም የባህል መድኃኒት ፍለጋ ጊዜ ሳያባክን ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በፓሪስ ከከተበ ወዲህ፣ ምልክቱ ሳይጀምር የደረሰ ሰው መትረፍ ይችላል። የነከሰው ውሻ መገደል የለበትም፤ ለ10 ቀን ተለይቶ ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው።