መንቀጥቀጡ ቆመ እንጂ በሽታው አልዳነም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። የአንድ ሽማግሌ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ደረታቸው ውስጥ የተቀበረው መሣሪያ ሲበራ እጃቸው ቀጥ ይላል። ከሥሩ «ለፓርኪንሰን ፈውስ ተገኘ» የሚል ጽሑፍ አለ። አልተገኘም። ሚዛን ተፈሪ ሲደርስ ደግሞ ወሬው ቅጥያ ያወጣል፦ «ለነገሩ እኛን ቡና ጠጪዎቹን አይነካንም»።

የቡናው ነገር ከባዶ አልተነሣም። በሃዋይ 8,004 የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ወንዶች ለ30 ዓመታት ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ ቡና የሚያዘወትሩት በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑን አይቷል። አነሰ እንጂ አልጠፋም። ለታመሙት ካፌይን ተሰጥቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲታተም ደግሞ እንቅስቃሴያቸው አልተሻሻለም። የበበቃም ሆነ የቴፒ ቡና መድኃኒት አይደለም፤ ይኸው ነው።

የሚንቀጠቀጥ እጅ ሁሉ ፓርኪንሰን አለመሆኑም ይታወቅ። ቡና ሲጠጣ ልብ ብላችሁ እዩ። የፓርኪንሰን እጅ ባብዛኛው የሚንቀጠቀጠው ጉልበት ላይ አርፎ አቦል እስኪቀዳ ሲጠብቅ ነው፤ ሲኒ ለመቀበል ሲዘረጋ ጋብ ይላል። ሲኒውን ወደ አፍ ሲያስጠጋ ቡናውን የሚያፈስ እጅ ግን ብዙውን ጊዜ የሌላ፣ ከፓርኪንሰን ይበልጥ የተለመደ ሕመም ምልክት ነው።

በፓርኪንሰን ዶፓሚን የሚያመርቱ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ መሄዳቸው ብዙ ተጽፎበታል፤ እዚያ ላይ አልቆይም። የሚገርመው ዶፓሚኑ ሲጎድል የሚከተለው ነው። አንጎል ውስጥ፣ ጠለቅ ብሎ፣ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የሚባል መጠኑ በሚሊ ሜትር የሚለካ ቦታ አለ። በጤናማ ሰው ሕዋሳቱ የየራሳቸውን መልእክት ይልካሉ። ዶፓሚን ሲያንስ ግን ብዙዎቹ በሰከንድ ከ13 እስከ 30 ጊዜ በሚመላለስ አንድ ምት ይገጥማሉ። ሰርግ ቤት ሁሉም በአንድ ላይ ሲያጨበጭብ አጠገብህ ያለው ሰው የሚነግርህ አይሰማህም፤ «እግርህን አንሣ» የሚለው ትእዛዝም እንዲሁ ምቱ ውስጥ ሰምጦ የሚቀር ይመስላል።

ቀድሞ ሐኪሞች መንቀጥቀጥ ለማስቆም ታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቂት ያቃጥሉ ነበር። ከማቃጠላቸው በፊት ቦታውን በኤሌክትሪክ ይፈትሹታል። እ.ኤ.አ. በ1987 ፈረንሳይ፣ ግሬኖብል ውስጥ ሐኪሙ አሊም ሉዊ ቤናቢድ የፍተሻውን ፍጥነት በሰከንድ ወደ 100 ምት ሲያደርሰው መንቀጥቀጡ ቆመ። ሲያጠፋው ተመለሰ። ታዲያ ለምን ይቃጠላል? ተመራማሪው ማህሎን ዴሎንግ በጦጣዎች ላይ ባገኘው ውጤት ተመርቶም ቤናቢድ እ.ኤ.አ. በ1993 ወደ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ ዞረ። ዛሬ ቀጫጭን ሽቦዎች በራስ ቅል ገብተው፣ በአንገት ቆዳ ሥር ወርደው፣ ደረት ላይ ካለው ባትሪ ጋር ይገናኛሉ፤ በሰከንድ 130 ገደማ ምት ይልካሉ።

ኤሌክትሪኩ ሕዋሳቱን ዝም ያሰኛል ወይስ ይቀሰቅሳል? ለሁለቱም ማስረጃ አለ፤ ሕዋሱ ራሱ ታፍኖ ከእሱ የሚወጣው የነርቭ ክር ሊነቃቃ ይችላል። የጋራውን ምት ማዳከሙን ብዙዎች ይስማሙበታል። ይሁንና ምቱ የበሽታው ምልክቶች መንስኤ ነው ወይስ አጃቢ የሚለው አልተዘጋም። ደግሞም የሚዛመደው ከሰውነት መገተርና ከዝግታ ጋር ነው፤ ከመንቀጥቀጥ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው። ቪዲዮው የሚያሳየው ግን መንቀጥቀጡን ብቻ ነው!

በመስኩ የዶክትሬት ጥናት የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች አሁን የተጠመዱት መሣሪያው ራሱ ምቱን እያዳመጠ ኤሌክትሪኩን ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ በማስቻል ነው። የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 በታማሚዎች ላይ ሞክረው ያገኙትን አሳትመዋል፤ አሜሪካ በ2025 ለሕክምና ፈቅዳዋለች።

የሚሞቱት ሕዋሳት ግን ባትሪ ቢኖርም ባይኖርም መሞታቸውን ይቀጥላሉ። የታማሚው ንግግር አንዳንዴ ይብሳል፤ ከቀዶ ሕክምናው የአንጎል መድማትና ኢንፌክሽንም ሊከተል ይችላል። መሣሪያው ከተገጠመ በኋላ በየጊዜው መስተካከል ይፈልጋል፤ ለቴፒ ሰው ይህ ማለት የነርቭ ሐኪሞች ወደሚበዙበት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መመላለስ ነው።

ለቀዶ ሕክምናው የሚታጭ ሰው ደግሞ አስቀድሞ የፓርኪንሰን መድኃኒት በሆነው በሌቮዶፓ ክኒን ይፈተናል። መድኃኒቱን ሳይወስድ አድሮ ጠዋት አካሄዱና የእጁ ቅልጥፍና ይለካል፤ ክኒኑን ውጦ እንደገና ይለካል። ክኒኑ ያልፈታለትን መገተርና ዝግታ ባትሪውም እምብዛም አይፈታለትም። ስለ ባትሪው የሚጠይቀኝን ሰው እኔም መልሼ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ ሌቮዶፓ ጀምረዋል? ሳይቋረጥስ ያገኛሉ?