የትዳር ጓደኛ በእጅ ስልክ፤ በነጻ ወይስ በዋጋ?

ልጆቻቸው በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ የሚኖሩ ወላጆች በዘመናችን ደጋግመው ከሚያቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። ልጃቸው የትዳር ጓደኛ የሚፈለግበትን መተግበሪያ በእጅ ስልኳ ላይ ጭናለች፤ በነጻ ስትጠቀምበት ቆይታ አሁን በየወሩ ልትከፍልበት አስባለች፤ ታዲያ ገንዘቡን ታውጣ ወይስ ትተወው? ሠላሳ ዓመት ያለፋት ልጅ በሰው አገር ብቻዋን ስትኖር የእናቷ እንቅልፍ ማጣት ቀላል ነገር አይደለምና፣ ጥያቄውን በንቀት ማለፍ አይገባም። ነገር ግን ገንዘቡ በምን እንደሚለወጥ ሳይመረመር መልስ መስጠት አይቻልም።

አስቀድሞ የንግዱን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማች የተባለው ድረ ገጽ በ1995 ሥራውን ጀመረ፤ ቲንደር በ2012፣ ባምብል በ2014 ተከተሉ። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ነጋዴዎች አድርጎ ያያቸዋል፤ ዳሩ ግን ማች፣ ቲንደር፣ ሂንጅና ኦኬኪዩፒድ የአንድ ኩባንያ፣ ይኸውም የማች ግሩፕ ንብረቶች ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ ተማርሮ ወደ ሌላው የሚሸሽ ወጣት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሱቅ በፊት በር ወጥቶ በጓሮ በር ተመልሶ መግባቱ ነው።

በነጻ የሚጠቀም ሰው ፎቶግራፉንና ስለ ራሱ ጥቂት ቃል ያኖራል፤ የሌሎችንም ያያል፤ ሁለቱ ከተፈቃቀዱ ይጻጻፋሉ። የሚከፍለው ደግሞ ማን እንደ ወደደው አስቀድሞ ያያል፤ ምርጫው በቍጥር አይወሰንበትም፤ ፎቶግራፉም ለጥቂት ጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ እንዲታይ ይደረግለታል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የተሸጠለት ነገር ብዙ ማየትና ብዙ መታየት ነው። የሰውየውን ጠባይ የሚመረምር፣ ከዚህ ቀደም ማግባት አለማግባቱን የሚጠይቅ፣ ዘር እስከ ሰባት ቤት የሚቈጥር ሽማግሌ በዋጋው ውስጥ አልተጨመረም።

የሚከፈልበት ሁሉ የታመነ ነው ለሚሉ ሰዎች አንድ የታወቀ ክስ እንጠቅሳለን። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2019 ማች ግሩፕን ከሰሰ። በክሱ እንደ ተባለው፣ በማች ድረ ገጽ በነጻ ለተመዘገበ ሰው «አንድ ሰው ፈልጎሃል» የሚል መልእክት ይላክለት ነበር፤ ማን እንደ ሆነ ለማወቅና ለመመለስ ግን መክፈል ነበረበት። ኮሚሽኑም ከፈላጊዎቹ መካከል ኩባንያው ራሱ አጭበርባሪዎች ናቸው ብሎ የጠረጠራቸው ነበሩበት ሲል አመለከተ። ከዚህም በቀር በስድስት ወር ውስጥ የሚሆነውን ላላገኘ ሰው ሌላ ስድስት ወር በነጻ ይሰጠዋል የሚለው ዋስትና ሁኔታዎቹ በግልጽ አልተነገሩም፤ አባልነትን ማቋረጥም አስቸጋሪ ነው ተባለ። ኩባንያው ለብዙ ጊዜ ከተከራከረ በኋላ በ2025 14 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ቲንደርም ቢሆን 30 ዓመት የሞላውን ሰው ከወጣቱ አስበልጦ ያስከፍል ስለ ነበር፣ በ2018 የካሊፎርኒያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት አሠራሩን አድልዎ ነው ሲል ነቅፎታል። ለትዳር በጣም የተጨነቀው ሰው ይበልጥ እንዲከፍል መደረጉ ያሳዝናል።

የሆነ ሆኖ መሣሪያውን ፈጽሞ ከንቱ ነው አንልም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በ2017 ከተዋወቁት ወንድና ሴት ጥንዶች መካከል 39 በመቶ የሚሆኑት የተገናኙት በኢንተርኔት ነው። ሌሊት እየሠራ ቀን ለሚተኛ፣ የአገሩን ሰው በእሑድ ቅዳሴ ብቻ፣ እሱንም ቀንቶት ሲገኝ ለሚያይ ስደተኛ ይህ መንገድ መከፈቱ ጥቅም አለው። በመንደራችን የነበረው አገናኝ እዚያ የለምና።

የሚያስፈራው የአጭበርባሪው ጉዳይ ነው። ይኸው ኮሚሽን በ2022 ብቻ ወደ 70,000 ከሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም ተታለልን የሚል አቤቱታ የተቀበለ ሲሆን፣ ጠፋ የተባለው ገንዘብ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የወር ክፍያ ይህን ሌባ አያግደውም፤ ለእርሱ ክፍያው የንግድ መነሻ ነው። በዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች ደመወዟን የምታጠራቅም እኅታችን በዚህ መንገድ የሁለት ዓመት ላቧን ብታጣ ማን ይመልስላታል? ስለዚህ በአካል ሳይታይ ገንዘብ የጠየቀ ሰው፣ ምክንያቱ ሕመምም ይሁን የአውሮፕላን ትኬት፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መልስ ሊሰጠው አይገባም።

የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በሄደ ጊዜ ርብቃን ያወቃት በመልኳ ብቻ አልነበረም። ለእንግዳና ለግመሎቹ ውኃ ስትቀዳ አያት፤ የማን ልጅ እንደ ሆነችም ጠየቃት፤ ከዚያም ወደ ቤተ ሰቧ ገብቶ ጉዳዩን ተናገረ። በስልክ የተገኘውም ሰው እንዲሁ ይጠየቅ። ክርስቲያን ነኝ ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው፤ የንስሐ አባቱ ማን ናቸው? የሚያስቀድሰው በየትኛው ደብር ነው? በዚያ የሚያውቀው ሰው አለን? በተክሊልና በቅዱስ ቍርባን ለመጋባት የሚያስብ ሰው በዚህ ጥያቄ አይቈጣም። ከተቈጣ ግን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ልጅቷ ታስታውስ።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። እኛ የምንመክረው በነጻው እንዲጀመር ነው። ሁለት ሦስት ወር ሞክራ በምትኖርበት ከተማ የእምነቷና የአገሯ ሰዎች በዚያ መተግበሪያ መኖራቸውን ካየች፣ የአንድ ወር ብትከፍል አንቃወምም። ማንም ከሌለ ግን ክፍያው የሌለውን ሰው አያመጣም፤ ያንኑ ገንዘብ የአገር ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ መሄጃ ብታደርገው ይሻላል። የስድስት ወሩ በወር ሲሰላ ይረክሳል በሚል ማባበያ ረጅሙን ውል አትግባ። የከፈለች ዕለትም ወደ ስልኳ የክፍያ ማስተካከያ ገብታ በየወሩ በራሱ የሚታደሰውን ውል ትሰርዝ፤ መተግበሪያውን ከስልክ ላይ ማጥፋት ክፍያውን አያቋርጠውምና።