ዘጠነኛዋ ሴል

ከአያት የሚነሳው ቀላል ባቡር ጦር ኃይሎች ሲደርስ ጉዞው ያበቃል። ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ የጽሕፈትና የሕትመት ሥራ የምሠራባት ጠባብ ቤት አለችኝ። መብራት ሲጠፋ ደንበኛ እንዳይመለስብኝ አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ከኢንቨርተር ጋር አስገጥሜያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራቱ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሞቱብኝ። አስገጥሜ ረስቻቸው ነበር። ሲደክሙ አሲድ አስጨመርኩባቸው፤ ይብሱን ተበላሹ። ዕድሜያቸውን በኤሌትራውቶ ሥራ ያሳለፉ ጎረቤቴ ይህን ሲሰሙ፣ «ልጄ፣ የሚጎድለው እኮ ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም» አሉኝ። ጥገናን የተማርኩት ከእሳቸው ነው።

በ1859 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የፈለሰፈው የእርሳስና አሲድ ባትሪ መሠረቱ እስከ ዛሬ አልተለወጠም። በባለ 12 ቮልቱ ውስጥ ስድስት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዷ 2 ቮልት ገደማ ትሰጣለች። የእኔ አራቱ በተከታታይ ስለተገጠሙ 24 ሴሎች አንድ መስመር ላይ ናቸው። አንዷ ከደከመች ሁሉም በእሷ አቅም ይወሰናሉ።

ባትሪው ኃይል ሲሰጥ የእርሳስ ሰልፌት በሰሌዳዎቹ ላይ ይለጠፋል፤ ቻርጅ ሲደረግ ይለቃል። መብራት መጥቶ ባትሪው ሳይሞላ ተመልሶ ከጠፋና ይህ ከተደጋገመ ግን ሰልፌቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ከባዱ አሲድም ወደ ታች ይዘቅጣል።

በወር አንድ እሑድ፣ ባትሪዎቹ ሞልተው ካረፉ በኋላ፣ 24ቱንም ክዳኖች እከፍታለሁ። የሃይድሮሜትሩን ጎማ ጨምቄ ስለቅ ፈሳሹ ወደ መስታወቱ ይወጣል፤ በውስጡ ያለችው ተንሳፋፊ የፈሳሹን እፍጋት በቁጥር ታሳየኛለች። ባለፈው ጊዜ ብዙዎቹ 1.265 አካባቢ ነበሩ። ዘጠነኛዋ 1.220 ላይ ቀረች። በሴሎች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.030 ካለፈ ማመጣጠን ያስፈልጋል።

ማመጣጠን ማለት ሆን ብሎ ከልክ በላይ መሙላት ነው። ቻርጀሩን ወደ 62 ቮልት፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ባትሪ 15.5 ገደማ፣ በትንሽ አምፔር ከፍ አደርገዋለሁ። የሞሉት ሴሎች ሲንተከተኩ የደከመችው ትሞላለች፤ አረፋውም የዘቀጠውን አሲድ ያማስለዋል። ይህ የሚሠራው ውሃ ለሚጨመርባቸው ባትሪዎች ብቻ ነው፤ የታሸጉትን ይገድላል። የቮልቱን ልክም አምራቹ ካዘዘው አላሳልፍም።

በአረፋው ውስጥ ሃይድሮጂን ጋዝ አለ፤ ጋዙ ከአየሩ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ታፈነዳዋለች። ስለዚህ በርና መስኮት ከፍቼ፣ የቡናውን ከሰል ምድጃ ደጅ አውጥቼ፣ መነጽርና ጓንት አድርጌ ነው የምጀምረው። ፈሳሹ ከ50 ዲግሪ በላይ ከሞቀ አቋርጣለሁ።

በየሰዓቱ ዘጠነኛዋን ለካሁ፦ 1.235፣ 1.250፣ 1.260። በቀጣዮቹ ሁለት ሰዓታት ከ1.260 ንቅንቅ አላለችም። ያኔ አቆምኩ።

ውሃ የምጨምረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቻርጅ ሲደረግ ፈሳሹ ስለሚያብጥ ቀድሞ ውሃ የተሞላ ባትሪ አሲዱን ይተፋል። ሰሌዳዎቹ ከፈሳሹ በላይ ከታዩ ብቻ፣ ቻርጅ ከመጀመሬ በፊት እስኪሸፈኑ ድረስ ጠብ አደርጋለሁ። የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይገባም፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን ይጎዳል።

24ቱን ቁጥሮች በደብተር እመዘግባለሁ። ባትሪ ድካሙን አስቀድሞ ይናገራል፤ የሚሰማው ግን እያንዳንዷን ሴል ለየብቻ የጠየቀ ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ከሰዓት መብራት ሲጠፋ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ግማሹ ታትሞ ነበር። ልጅቷ ደንግጣ አየችኝ። የቀረው ግማሽም ወጣላት።