«ማን፣ ምን፣ የት»፦ የሰብዓዊ ድጋፍ መረጃ አያያዝ በወላይታ ዞን

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ የደረሰው የመሬት መንሸራተት የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የመንግሥት መዋቅሮችና የረድኤት ድርጅቶች በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀሳሉ። ሥራቸው የሚመዘገበው «ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለማን» በተሰኘ የጋራ ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ድርጅት ድጋፉን፣ ወረዳውንና የተረጂዎችን ቁጥር በጾታና በዕድሜ ለይቶ ለዘርፉ ክላስተር ያሳውቃል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት (ኦቻ) መረጃውን አጠናቅሮ ያሰራጫል።

አስቸጋሪው ቆጠራው ነው። አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ከአንዱ ድርጅት ስንዴ፣ ከሌላው ብርድ ልብስ ቢቀበልና ሪፖርቶቹ ሳይመሳከሩ ቢደመሩ ተረጂዎቹ አሥር ሆነው ይታያሉ፤ ወረዳውም በወረቀት ላይ ከሚገባው በላይ የተረዳ ይመስላል።

የቦታ ስምም የራሱ ጣጣ አለው። ወላይታ ሶዶ የአስተዳደር ማዕከሉ የሆነችለት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ከመመሥረቱ በፊት የዞኑ መረጃ የሚመዘገበው በቀድሞው ደቡብ ክልል ሥር ነበር። በመሆኑም የሁለቱን ጊዜያት አኃዞች ለማነጻጸር የሚያስችለው የክልል ድምር ሳይሆን የዞንና የወረዳ ዝርዝር ነው።

በሠንጠረዡ ላይ ባዶ ሆኖ የሚታይ ወረዳ ድጋፍ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል፤ ወይም የደረሰው ድርጅት ሪፖርት አላደረገም። ልዩነቱ የሚታወቀው ወረዳው ራሱ ሲጠየቅ ነው።